ለገበሬው፣ ለጌታዬ

በነነዌ ሰማይ፣ በሲማን ወር እኩሌታ፣
ጨረቃ ባንድ ጎን ተገመጠች፣ ቀስ ብላ፣ በዝምታ።
ከጣሪያ ላይ ነበርኩ፣ እርጥብ ሸክላ በጉልበቴ፣
የሸምበቆ ብዕሬን ቀርጬ፤ ሥራዬ ነው መመልከቴ።
ከታች ከተማው ተናወጠ፤ የነሐስ ከበሮ ተጎሰመ፣
ወንዱ ጥምጥሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፍኖ ቆመ፤
አሮጊት ድስት ትደበድባለች፣ ውሻ ያላዝናል፣
"ሰባቱ አጋንንት ከበቧት! ጩኹ!" ይባላል፤
ከጎረቤቴ አንድ ሕፃን ብቻ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣
"ማን በላት?" ይላል ደጋግሞ፣ ማንም አይመልስለት ዞሮ።

እንዲህ ነው የተማርነው፦ የጨረቃ ፊት አራት አገር ነው፤
ጥቁሩ የነካው አገር ንጉሡን ቀባሪ ነው።
ያን ሌት ጥቁሩ የኛን ነካ።
አንድ መዳኛ ግን ነበረ፣ በጥንት ጽሕፈት የተለካ፦
ነጩ ታላቅ ኮከብ በዚያው ሰዓት ቆሞ ከታየ፣
ሞት ደጁን ይስታል፤ ንጉሥም ከነነፍሱ ቆየ።
ኮከቡ ካለበት ግን ደመና ነበረ፣
ያውራ ጣት የምታህል ደመና። ጉባኤው ተማከረ፦
"አልታየም።"
እኔም ጻፍኩ፦ አልታየም።

በማግስቱ ሑዛሉን አመጡት፣ ቅርጫት ሰፊውን፣
ከጤግሮስ ዳር፣ ባቱ እንደረጠበ፣ እንደታቀፈ ቄጠማውን።
አጠቡት፣ ቅባት ቀቡት፣ አልጋም ሰጡት ሰፊ፣
ዕድሜውን ምድር ላይ ላደረ ለቅርጫት ሰፊ።
ጥላ ዘረጉለት፣ ዘርፉ ባየር ላይ የሚርገበገብ፤
ጥላው ራሱ መሆኑን ማን ይንገረው? ማንስ ይቅረብ?
ንግሥት ትሁነው ብለው አሐቱን አመጡለት፣
ከማቅለሚያ ቤት፣ ከጥፍሯ ሥር ሰማያዊው ሳይለቅላት።
እውነተኛው ንጉሥ ከግቢው ጀርባ፣ ሸምበቆ ጎጆ ውስጥ ገባ፤
"ገበሬው" በሉት ተባለ፣ ሞት ስሙን ይዞ እንዳያደባ።

እኔም በየማለዳው ጭቃ ለውሼ፣ ጣቴን አጥቤ፣
"ለገበሬው፣ ለጌታዬ፦" እላለሁ ዐይኔን አርግቤ፣
"ምትክህ ደኅና ነው፤ በልቷል፤ ተኝቷል፤
የክፉው ምልክት ሁሉ በጆሮው ተነብቦለታል፤
ከቀሚሱ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ፤ ያንተ የነበረው የሱ ሆኗል።"

ባሥራ ሁለተኛው ቀን ሑዛሉ ጠራኝ፤ ጎንበስ አልኩ።
"ጸሐፊ፣" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ይህ ወንበር ከሥሩ ላልቷል፣ አየሁ።
ንጉሥ እንዴት በዚህ ይቀመጣል? ሲነሣ ሲቀመጥ ይጮኻል።
ቄጠማ አስመጣልኝ፤ ያደረ ሳይሆን፤ እርጥቡ ይሻላል።"
አስመጣሁ።
ዘውዱን ከጉልበቱ አጠገብ አኖረ፣ እንደ ባዶ ሳሕን፤
ጣቱ ቄጠማውን ሲያገኝ ነው የነገሠው፣ ያን ቀን።
አሐቱ ጫፉን ትይዝለታለች፣ እንዲጠብቅ፣ እንዳይላላ፤
ዘበኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ያኔ ነው እንጂ የለም ሌላ።
"ያን ሌሊት፣" አለኝ ቀና ሳይል፣ "ከጣሪያ ነበርህ አሉ፤
ነጩን ኮከብ አየኸው?"
"ደመና ነበረ።"
"እሱስ፣ ነበረ፣" አለ ሑዛሉ።

አየሁት።
ጉባኤው ተነሥቶ ሲወርድ፣ ከበሮው ገና ሳይበርድ፣
ደመናው እንደ አሮጌ ጨርቅ ካንድ ስፍራ ተሰነጠቀ፤
ኮከቡ ነጭ ሆኖ ብልጭ አለ፤ ደግሞም ጠለቀ።
ጨረቃም ማንም ሳይነግሥላት፣ ማንም ሳይሞትላት፣
ሳይነጋ ወጣች ከጥቁሩ፣ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይኖርባት።
ካባቴ ሸክላ ላይ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆጥሬ፣
መጥቆሯንም መመለሷንም አውቅ ነበር፤ አልነገርኩም ደፍሬ።
የጻፍኩት ደርቆ ነበር። የደረቀ ሸክላ አይፋቅም።
እርጥብም ቢሆን… አላውቅም።

ባርባኛው ቀን ጽዋ ቀረበ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል።
አለቀሱላቸው በሥርዓት፤ ለልቅሶውም ዋጋ ተከፍሎበታል።
"ለገበሬው፣ ለጌታዬ" ስል ጻፍኩ ያን ምሽት ለመጨረሻ፣
"ምትክህ ወደ ዕጣው ሄደ፤ ጎጆዋን ተዋት፣ አያሻህም መሸሻ።"

ንጉሡ ተመለሰ፤ ባልጋው ወጣ፤ ዝግ ብሎ ተቀመጠ፤
ሁላችን ጆሯችንን ጣልን፦
አልጋው ድምፅ አልሰጠ።